ሦስት ጊታር ሲደማመጥ፦ ስለ ሬዲዮሄድ ሁለተኛ አልበም



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ አልበም ነው። «ዘ ቤንድስ» ይባላል፤ ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በማርች 1995 ያወጣው ሁለተኛ ሥራው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምናገረው እንደ አድናቂ ነው። ይህን አልበም እወደዋለሁ፤ ፍቅሬንም አልደብቅም። ይሁን እንጂ «እወደዋለሁ» ብዬ ብቀመጥ ለእናንተ የሚተርፍ ነገር የለም፤ ስለዚህ የምወድበትን ምክንያት ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። ምክንያቴ በአጭሩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው አልበም አምስት ጎበዝ ልጆች አብረው ሲጫወቱ እንሰማለን፤ በሁለተኛው አምስቱ እርስ በርስ ሲደማመጡ እንሰማለን። ለእኔ ባንድ ባንድ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሁለተኛ አልበም በጠቅላላው ጥቂት ልበል። አንድ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ሊቀዳ ስቱዲዮ ሲገባ በእጁ ያለው የብዙ ዓመት ጥሪት ነው። ተማሪ ሳሉ የጻፉት ዘፈን አለ፤ በየመጠጥ ቤቱ መድረክ ተሞክሮ ያለፈ ዘፈን አለ። የማይሆነው በመንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል፣ የተረፈው ይቀዳል። ለሁለተኛው ግን ያን ያህል ጊዜ አይገኝም። አሳታሚው የሚወጣበትን ቀን ይቆርጣል፤ ባንዱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነው፤ አዲሱ ዘፈን በአውቶቡስና በሆቴል ክፍል መጻፍ ይኖርበታል። በዚህ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ይመጣል፦ ጠባቂ ሕዝብ። የመጀመሪያውን አልበም ማንም አልጠበቀውም። ሁለተኛውን ግን የመጀመሪያውን የወደደ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቀዋል፤ የሚጠብቀውም አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የሚያውቀውን ነው።

ይህ ፈተና አንዳንዱን ከፍ አድርጓል፣ አንዳንዱን ጥሏል። ኒርቫና የተባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን «ብሊች»ን የቀዳው ስድስት መቶ ዶላር ገደማ አውጥቶ ነው፤ ሁለተኛው «ኔቨርማይንድ» በ1991 ሲወጣ የሮክን ገበያ ከሥሩ ገለበጠው። የማንቸስተሩ ስቶን ሮዝስ ደግሞ በ1989 በመጀመሪያ አልበሙ እንግሊዝን ካስደመመ በኋላ ሁለተኛውን ለማድረስ ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀበት። አልበሙ በ1994 መጨረሻ ሲወጣ ዘመኑ ተለውጦ፣ አድማጩም ወደ ሌሎች ዞሮ ነበር፤ ባንዱ በ1996 ፈረሰ። ስቶን ሮዝስን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ያንን የመጀመሪያ አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው ጆን ሌኪ ሁለተኛውንም አብሯቸው ጀምሮ ነበር፤ ሥራው ሲጓተት ትቷቸው ወጣ። «ዘ ቤንድስ»ን ፕሮዲውስ ሊያደርግ ወደ ሬዲዮሄድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ አልበም እንዴት እንደሚታመም በዐይኑ ያየ ሰው ነበር ማለት ነው።

ሬዲዮሄድ በ1985 የተመሠረተው ከኦክስፎርድ ብዙም በማትርቀው በአቢንግደን፣ አምስቱም ይማሩበት በነበረው የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ቶም ዮርክ ይዘፍናል፣ ጊታርም ይዟል። ጆኒ ግሪንውድና ኤድ ኦብራየን ጊታር ይጫወታሉ። የጆኒ ታላቅ ወንድም ኮሊን ቤዝ ጊታር ይዟል፤ ፊሊፕ ሴልዌይ ድራም ይመታል። የሚለማመዱት ዓርብ ዓርብ ስለነበር የባንዱ የመጀመሪያ ስም «ኦን ኤ ፍራይዴይ» ነበር፤ አሁን የምናውቀውን ስም የያዙት በ1991 ከኢኤምአይ ኩባንያ ጋር ከተፈራረሙ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ሦስት ጊታር አላቸው። ብዙ የሮክ ባንድ በአንድ ወይም በሁለት ጊታር ይሠራል። ሦስት ጊታር ሀብት ነው፤ አያያዙን ላላወቀበት ግን ሸክም ይሆናል። ቡና ላይ ሦስት ሰው እኩል ሲያወራ ማንም ማንንም እንደማይሰማ ሁሉ፣ ሦስት ጊታርም በአንድ ጊዜ ሲጮህ ከሦስቱ አንዱም ተለይቶ አይሰማም። የመጀመሪያው አልበማቸው «ፓብሎ ኸኒ» ላይ ይህ ችግር በግልጽ ይታያል። አልበሙ በሦስት ሳምንት ገደማ ተቀድቶ በ1993 መጀመሪያ ላይ ወጣ። ጉልበት አለው፣ ወጣትነት አለው። ነገር ግን አዝማች በደረሰ ቁጥር ሁሉም እጁን አንሥቶ ገመዱን ይመታል፤ ዘፈኖቹም በዚህ የተነሣ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ።

ከዚያ አልበም ውስጥ ዓለምን የያዘው አንድ ዘፈን ነው፤ እሱም «ክሪፕ» ነው። በ1992 በነጠላ ዜማነት ሲወጣ በአገሩ ብዙ ሰው አልገዛውም፤ የቢቢሲ ሬዲዮ 1 አዘጋጆችም መንፈስ ያወርዳል ብለው እምብዛም አላጫወቱትም። ቀድማ ያነሣችው እስራኤል ናት። ዮአቭ ኩትነር የተባለ የሠራዊቱ ሬዲዮ አዘጋጅ ደጋግሞ ሲያጫውተው አገሬው ወደደው፤ ባንዱም በ1993 ቴል አቪቭ ሄዶ ተጫወተ። ቀጥሎ የሳን ፍራንሲስኮ ሬዲዮ አነሣው፣ ከዚያ መላው አሜሪካ ተቀበለው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በእንግሊዝ እንደገና ሲወጣ 7ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

«ክሪፕ»ን ለማታውቁት እንዲህ ልግለጸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመላለሱት አራት ኮርዶች ብቻ ናቸው። ዘፋኙ በለስላሳ ድምፅ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ከሚወዳት ሴት ፊት እንደማይገባው ሰው ሆኖ ያዜማል። አዝማቹ ሊገባ ሲል የጆኒ ጊታር ድንገት፣ ጥርስ በሚያፋጭ ድምፅ ጣልቃ ይገባል፤ ወዲያው ሁሉም በአንድ ላይ ይፈነዳል። ጆኒ ያንን ድምፅ የጨመረው ዘፈኑ ከመጠን በላይ ለስላሳ ሆኖበት ሊያደናቅፈው ፈልጎ ነበር፤ ማደናቀፊያው የዘፈኑ መታወቂያ ሆነ። ቆንጆ ዘፈን ነው፤ ዛሬም ስሰማው ያንን ጊታር እጠብቃለሁ። ለባንዱ ግን አንድ ዘፈን ብቻውን ይህን ያህል ሲገዝፍ አደጋ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየአገሩ ሲዞሩ ወደ አዳራሹ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ለዚያ አንድ ዘፈን ነበር። ኦገስት 1993 ላይ ዮርክ ድምፁ ተዘግቶ በታላቁ የሬዲንግ ፌስቲቫል ሳይጫወቱ ቀሩ። ደክመው ነበር።

በ1994 መጀመሪያ ኦክስፎርድሺር ውስጥ በአንድ የፍራፍሬ እርሻ ላይ፣ ከአገልግሎት ውጪ በሆነ ጎተራ ውስጥ አዲሶቹን ዘፈኖች ተለማመዱ፤ ከዚያም ለንደን ወደሚገኘው አርኤኬ ስቱዲዮ ገቡ። ኩባንያው አልበሙ በዚያው ዓመት በኦክቶበር እንዲወጣ ይፈልግ ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ «ክሪፕ»ን የሚተካ ነጠላ ዜማ ጠየቀ። አራት ዘፈኖች ለዚህ ታጩ፤ ባንዱ አንዱን ሲቀዳ ሌላው እየተሻለው፣ ሌላውን ሲይዝ ያኛው እየተሻለው ሳምንታት አለፉ። እዚህ ላይ የሌኪ ልምድ ጠቀመ። ነጠላ ዜማ ፍለጋው ይቅርና ሥራው በራሱ መንገድ ይሂድ የሚል ሰው ነበር። አልበሙ ሳያልቅ ባንዱ ወደ ሩቅ ምሥራቅና ወደ አውስትራሊያ ለኮንሰርት ሄደ፤ ያላለቁት ዘፈኖችም በሕዝብ ፊት ተፈተኑ። ለሁለተኛ አልበም የማይገኘውን ነገር፣ ማለትም በመድረክ ላይ የመብሰያ ጊዜን፣ በዚህ መንገድ አገኙት። ሲመለሱ ኦክስፎርድሺር በሚገኘው ማኖር ስቱዲዮ ቀሪው ሥራ በጥቂት ሳምንታት አለቀ።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ ልግባ። ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉንም አልቆጥርም፤ ሐሳቤን የሚያሳዩልኝን አራቱን ብቻ እወስዳለሁ።

አንደኛው «ማይ አይረን ላንግ» ነው። ስሙ የተወሰደው ድሮ ሳንባቸው የደከመ ሕሙማንን ያስተነፍስ ከነበረው የብረት ሣጥን ነው፤ ዘፈኑም ስለ «ክሪፕ» ነው። በሕይወት ያቆየን ነገር እስር ቤታችንም ሆነ ይላል መንፈሱ። የሚደንቀኝ የአሠራሩ ድፍረት ነው። የ«ክሪፕ»ን ቅርጽ ይወስዳል፦ ለስላሳ ቤት፣ ከዚያ ፍንዳታ። ግን ለስላሳው ክፍል ላይ የጆኒ ጊታር ዋሚ በተባለው ፔዳል እየተቀየረ ከፍ ዝቅ ሲል ዜማውን የሚመራው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ቦታ ለቀውለታል። ፍንዳታው ሲመጣም የተመሰቃቀለ፣ ሸካራ፣ ለሬዲዮ የማይመች ነው። የቅጂው መሠረት በሜይ 1994 ለንደን አስቶሪያ አዳራሽ ውስጥ በሕዝብ ፊት የተጫወቱት ነው፤ ዮርክ ዘፈኑን በኋላ እንደገና ዘፈነው። ባንዱ ያስጨነቀውን ነገር ሸሽቶ አልሄደም፤ ይዞ መርምሮታል።

ሁለተኛው «ፌክ ፕላስቲክ ትሪስ» ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዘፈኑን በሙሉ ባንድ ሞክረውት አልሆን ብሎ ነበር። አንድ ምሽት በሰሜን ለንደን ጄፍ በክሊ የተባለውን አሜሪካዊ ዘፋኝ ሲጫወት ሄደው አዩ። ወደ ስቱዲዮ ሲመለሱ ዮርክ አኮስቲክ ጊታሩን ይዞ ብቻውን ዘፈነው፤ ሲጨርስ አለቀሰ። አልበሙ ላይ የቀረው ያ ነው። የሌሎቹ ድምፅ በሙሉ በእሱ ላይ ተጨመረ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ ሰው ብቻውን ሲዘፍን ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ትንፋሹን ይጠብቃል። ድራመሩ በኋላ መጥቶ ሲመታ ያንን ትንፋሽ ተከትሎ መምታት አለበት። ፊሊፕ ሴልዌይ ሁለተኛው ቤት ላይ ሲገባ ድምፁ የሚሰማ አይመስልም፤ ሰው ሲያወራ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ የሚገባ እንግዳ ይመስላል። ጆኒ ጊታሩን አስቀምጦ ኦርጋን ይዟል፤ ረዣዥም ድምፆችን ከሥር ያነጥፋል። ሁለት ተጋባዥ የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ጥቂት መስመር ያክላሉ። ኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ሙሉ ኃይላቸውን ይዘው የሚመጡት ዘፈኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ሲመጡም ድምፁ የቱንም ያህል ቢገዝፍ የዘፋኙ ድምፅ አይሸፈንም፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ እሱን ሲያዳምጡ ቆይተዋል። ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ ይመለሳል፤ ዘፈኑ እንደ ጅማሬው በጊታርና በድምፅ ይጠናቀቃል። «ፓብሎ ኸኒ»ን የቀዳው ባንድ ይህን ሊሠራ አይችልም ነበር። ችሎታው ሳይጎድለው ትዕግሥቱ አልነበረውም።

ሦስተኛው «ጀስት» ነው። ይህኛው ፈጣንና ጯኺ ነው፤ መደማመጥ ማለት ዝግታ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እሱን ይስማ። የጆኒ ጊታር ከታች ተነሥቶ በደረጃ ወደ ላይ ሲወጣ፣ አንዱን ደረጃ ሲጨርስ ሌላውን ሲጀምር፣ ሌሎቹ ሁለት ጊታሮች መሬቱን ይይዙለታል። ሦስቱም ይጮሃሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ የሚጮህበት የራሱ ከፍታ፣ የራሱ ተራ አለው። ጆሮአችሁን በአንዱ ላይ ብታሳርፉ ዘፈኑን እስከ ዳር ትከተሉታላችሁ።

አራተኛው የአልበሙ መዝጊያ «ስትሪት ስፒሪት» ነው። ኤድ ኦብራየን ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነካ የሚያንቆረቁረው ዜማ ከመነሻው እስከ መድረሻው አይቋረጥም። «ክሪፕ» የለመደ ጆሮ ፍንዳታውን ይጠብቃል፤ ፍንዳታ የለም። ድራሙ ይገባል፣ ድምፆች ይደራረባሉ፣ ኀዘኑ ይጠልቃል እንጂ የሚፈርስ ግድግዳ የለም። ከኦብራየን መስመር በላይ ማንም አልወጣም። በ1996 መጀመሪያ በነጠላ ዜማነት ሲወጣ በእንግሊዝ 5ኛ ደረጃ ደረሰ፤ «ክሪፕ» በአገሩ ከደረሰበት በላይ ማለት ነው። ፍንዳታ የሌለው ዘፈን ፍንዳታ ያለውን በለጠው።

አልበሙ ጉድለት የለውም አልልም። «ሰልክ» ለእኔ ወደ መጀመሪያው አልበም መንፈስ የሚመለስ ነው፤ አዝማቹ ሰፊ፣ ጊታሩ ጥቅጥቅ ያለ። «ሃይ ኤንድ ድራይ»ም ከቀደመው ዘመን የተረፈ ቅጂ ነው፤ ውበቱን አልክድም፣ ከቀሩት ጋር ግን በአንድ አፍ አይናገርም። አድናቂ የሚወደውን ነገር ለይቶ ካላየ ፍቅሩ ለሠሪው አይጠቅምም።

አልበሙ ሲወጣ አቀባበሉ በየአገሩ እኩል አልነበረም። በእንግሊዝ 4ኛ ደረጃ ያዘ። በአሜሪካ፣ «ክሪፕ» በገነነበት አገር፣ ከ88ኛ አላለፈም፤ እዚያ የአንድ ዘፈን ባንድ ተብለው ተመዝግበው ነበር። ዘመኑም ሌላ ነበር። በ1995 አጋማሽ የእንግሊዝ ጋዜጦች የሚያወሩት ብለርና ኦኤሲስ ስለተባሉ ባንዶች ፉክክር ነበር፤ ሁለቱ በኦገስት በአንድ ቀን ነጠላ ዜማ አውጥተው አገሩን በሁለት ጎራ ከፍለውት ነበር። ሬዲዮሄድ በየትኛውም ጎራ አልነበረም። ከተማ ለከተማ እየዞሩ፣ አርኢኤም ለተባለው ባንድ ትርኢት መክፈቻ እየሆኑ፣ አድማጭን አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ሰዉም አልበሙን እየደጋገመ ሲሰማው ወደደው።

ብዙ ሰው ዛሬ «ዘ ቤንድስ»ን የሚያነሣው በ1997 ወደ ወጣው ወደ ሦስተኛው አልበም፣ ወደ «ኦኬ ኮምፒውተር» የሚያሻግር ድልድይ አድርጎ ነው። ድልድይነቱን አልክድም። ሌኪ ለአጭር ጊዜ ከስቱዲዮ በራቀበት ወቅት ናይጀል ጎድሪች የተባለው ወጣት የድምፅ መሐንዲስ ከባንዱ ጋር ለብቻው ቀድቶ ነበር፤ ከዚያ ቅጂ «ብላክ ስታር» አልበሙ ውስጥ ገባ፤ ጎድሪችም ከዚያ ወዲህ የባንዱ ዋና ፕሮዲዩሰር ሆነ። ቢሆንም ድልድይ ብቻ ማለት ያንሳል። ኋላ በኮምፒውተር፣ በኦርኬስትራና በልዩ ልዩ መሣሪያ የሠሩት ሁሉ የቆመው አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ዝም ማለትን በለመዱበት በዚህ አልበም ላይ ነው። መሣሪያው ተለወጠ፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም።

ወደ እኛ ወደ አድማጮቹ ልመለስና ልጨርስ። የምንወደው ሙዚቀኛ አዲስ ሥራ ሲያወጣ መጀመሪያ የምናደርገው ያንን የምናውቀውን ዘፈን መፈለግ ነው። ካላገኘነው «እንደ ድሮው አይደለም» እንላለን፤ ያን ጊዜ የፈረድነው ባልሰማነው ነገር ላይ ነው። እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። አልበሙን ባለቤቱ በደረደረው ቅደም ተከተል እስከ መጨረሻ ስሙት፤ ዘፈን አትዝለሉ። ሁለተኛ ስትሰሙት ዘፋኙን ተዉትና አንድ መሣሪያ ይዛችሁ ተከተሉ፤ መቼ ይገባል፣ መቼ ዝም ይላል፣ ማንን ይጠብቃል ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ውደዱት ወይም ጥሉት፤ ሁለቱም መብታችሁ ነው፤ ያኔ ግን ፍርዳችሁ በሰማችሁት ላይ የተመሠረተ ይሆናል።

ይህን የምለው ለሙዚቀኛው አዝኜ ብቻ አይደለም። ኩባንያው በ1994 የጠየቀውን አግኝቶ ቢሆን ሁለተኛ «ክሪፕ» ይኖረን ነበር፤ «ስትሪት ስፒሪት» ግን አይኖረንም። አድማጭ የለመደውን ብቻ ሲጠይቅ የሚያጣው ገና ያልሰማውን ነው። አምስቱ ልጆች በጊዜው የተጠየቁትን ሳይሰጡ የሚችሉትን ሰጡን፤ የአድናቂ ድርሻም ያንን ለመስማት የሚበቃ ጊዜ መስጠት ነው።